ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚያግዙ ስብሰባዎች፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጠጥ መተው የፈለገ ሰው እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሁለት ምክር ነው። አንዱ «ቆርጠህ ተወው» ይለዋል። ሌላው «ጸበል ግባ» ይለዋል። ሁለቱም ከልብ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ምክሩ ካለቀ በኋላ ግን ሰውየው ብቻውን ይቀራል። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እግሩ ወደ ለመደው ቤት ይወስደዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያ ሰዓት ከሰው ጋር ስለመሆን ናቸው። የጠጪዎችም፣ የሚስቶችም፣ የእናቶችም ጥያቄዎች አሉባቸው።

ስብሰባ ሲባል ምን ማለት ነው? ሕክምና ነው?

ሕክምና አይደለም። መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። አንዱ የደረሰበትን ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። የሚመረምር፣ የሚገሥጽ፣ የሚፈርድ የለም።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ባጭሩ ኤ ኤ ይሉታል። የተጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ለሥራ አክሮን ይሄዳል፣ ሥራው አይሳካም። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቤት አለ። ልቡ ሲሸፍትበት ስልክ አንሥቶ ሌላ ጠጪ ያፈላልጋል። ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ይገናኛሉ። ሐኪሙም ጠጪ ነበር። ያ ጭውውት የማኅበሩ መነሻ ሆነ። ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ልብ ይበሉልኝ፤ ለከተማችን የሚጠቅመን እሱ ነው።

እኛ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕድር አለን። ይህ ምን ይጨምራል?

መሰብሰብ ማንም አያስተምረንም። ግን አብዛኛው መሰባሰባችን ላይ ጠላ አለ። ጠላ በሌለበት ደግሞ ስለ መጠጥ ችግሩ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የለም። ዕድር ሲሞቱ ይቀብርዎታል፣ ሲያዝኑ ያጽናናዎታል። «ትናንት ሌሊት ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም» ብሎ ለዕድር ሰብሳቢ የሚናገር ግን አላጋጠመኝም። ይህን የሚሉበት ቦታ ነው ስብሰባው። የሚሰሙትም ነገሩን በራሳቸው ላይ ያዩ ናቸው።

ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ሳልጠጣ እጨርሳለሁ። ታዲያ ችግር አለብኝ ይባላል?

ጾሙን መጠበቅዎ መልካም ነው። ከፋሲካ ማግሥት ያለውን ሳምንት ግን ያስታውሱ። አንድ ብርጭቆ ብለው ጀምረው በአንድ አቆሙ? ወይስ የሁለት ወሩን በአንድ ሳምንት አካካሱት? ለቤት ኪራይ የተያዘው ብር የት ሄደ? ጠዋት ለመነሣት አንድ መለኪያ ያስፈልግዎታል? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ ጾሙ ችግሩን አላጠፋውም፤ ቀጠሮ ሰጥቶታል።

በጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ምን ያህል እንደሚጠጡና መጠጡ ምን እያስከተለ እንደሆነ ይጠይቃል። ጤና ባለሙያ አብሮዎት ሊሞላው ይችላል።

ወደ ኤ ኤ ለመግባት ግን ውጤት አይጠየቅም። የሚፈለገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። «ሱሰኛ ነኝ» ብለው የሚፈርሙበት ወረቀት የለም።

ዛሬውኑ በድንገት ላቁም?

እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው።

በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣ ሰው በድንገት ማቆም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሰውነቱ አልኮሉን ለምዷል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፍ ነገር ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ትኩሳትና ከባድ የልብ ምት ይይዘዋል። ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ቅበላ ሰሞን ሲጠጣ ሰንብቶ ሰኞ ጾም ሲገባ ጭልጥ አድርጎ የሚያቆም ሰው አለ። ባዶ ሆዱን ጸበል የሚገባም አለ። በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ይላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል አድርሱት። ሕመሙ የሚታወቅ ነው፤ መድኃኒትም አለው። ሐኪሞች የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቢ 1 የተባለውን ቫይታሚን ይሰጣሉ። ጸሎቱ አብሮ ይቀጥላል።

ጠዋት ሲነሡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥና መጠጥ ሲቀምሱ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ብቻዎን አያቁሙ። ከስብሰባ በፊት ሐኪም ይቅደም። ድንገተኛ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ጎንደር ውስጥ ማንን ልጠይቅ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የመጠጥ ሱስ እዚያ የሚታይ ሕመም ነው። «አእምሮ ክፍል ከታየሁ አበደ እባላለሁ» ብለው የሚቀሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እዚያ የሚሄደው እንቅልፍ ያጣ፣ ጭንቀት የያዘው፣ ሐዘን ያልለቀቀው ሰው ሁሉ ነው።

ሆስፒታሉ ከከበደዎ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ማራኪም ሆነ አዘዞ። ሲገቡ ሆድ ቁርጠት ነው፣ ጨጓራ ነው ብለው አይሸፍኑት። «መጠጥ ማቆም ፈልጌ አቃተኝ። እንደኔ ካሉ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ ቡድን ወይም የምክር አገልግሎት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ቡድን ከሌለ ሌላ ጥያቄ ያስከትሉ፦ «እንደኔ የጠየቀ ሌላ ሰው ካለ፣ ፈቃደኛ ከሆነ ሊያገናኙን ይችላሉ?» ባለሙያው የሰው ስም አይሰጥዎትም፤ ትክክልም ነው። የእርስዎን ስልክ ለዚያ ሰው ማድረስ ግን ይችላል።

ችግሩ ከዚያ ከጠነከረ ሐኪሙ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊልክዎት ይችላል።

በስልክ የሚደረግ ስብሰባ አለ?

አለ። የኤ ኤ ስብሰባዎች በዙም በየሰዓቱ ማለት ይቻላል ይካሄዳሉ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባለው የኤ ኤ መተግበሪያ ያሉበትን ቦታና ሰዓት ያሳያል። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ካሜራ አጥፍቶ፣ የፈለጉትን ስም ጽፎ፣ ዝም ብሎ መስማት ይቻላል። እንደ ጎንደር ሰው ሰውን በሚያውቅበት ከተማ ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ የሚቀል የለም።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። ለንደን ላይ በነሱ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት የተባለ ስብሰባ በክረምታቸው እኛ ጋ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው ማታ 3 ሰዓት። የአሜሪካ የምሽት ስብሰባ እኛን ከሌሊቱ ወይም ከንጋቱ ያገኘናል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ይህ ችግር ሳይሆን ጥቅም ነው።

መንፈሳዊ ነገር የሌለበት ከፈለጉ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪም በኢንተርኔት ስብሰባ አለው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ አንድ በአካል የሚያገኙት ሰው ያስፈልግዎታል።

በሰፈሬ ቡድን ባይኖርስ?

ያኔ ሁለት ሰው ይበቃል። ይህ ማጽናኛ አይደለም። በኤ ኤ መርሖዎች ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከመጠጥ ለመራቅ ከተሰበሰቡና ከሌላ ነገር ጋር ካልተጣበቁ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ ተብሎ ተጽፏል። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ማኅተም አያስፈልግም።

ቦታው መጠጥ የሌለበት ይሁን። የአንዳችሁ ቤት፣ እሑድ ባዶ የሆነ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ጤና ጣቢያው ከፈቀደ አንድ ክፍል። ቡና ይፈላ። አሜሪካኖቹም ስብሰባቸውን ያለ ቡና አይጀምሩም፤ እኛ ደግሞ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅ የመቀመጥ ልማድ አለን። ለአንድ ሰዓት ንግግር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። አቦሉ ላይ አንዱ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ይናገር። ቶናው ላይ ሌላው። በረካው ላይ የመጪው ሳምንት አስቸጋሪ ቀን የትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ደመወዝ የሚወጣበት ነው? የገበያ ቀን ነው? ሰርግ አለ?

ሰዓቱን መጠጥ በሚጀምሩበት ሰዓት አካባቢ ያድርጉት። ከሥራ ወጥተው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ የሚጀምሩት፣ ስብሰባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ባጃጅ በጊዜ በሚቆምበት፣ ማታ መውጣት በማይመችበት ሰሞን ወደ ቀን ይቀየር፤ ማታውን በስልክ ይደዋወሉ።

ሁለት ሕግ ብቻ ያውጡ። አንደኛ፣ እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም። ሁለተኛው ለኛ ይከብዳል። የተቸገረ ሰው አይተን ዝም ማለት አልለመድንምና። ግን ይሞከር።

ብር ማዋጣት፣ መበዳደር፣ ዕቁብ መጣል ከዚህ ቡድን ጋር ባይቀላቀል እመክራለሁ። ገንዘብ የተበደረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል።

ሰው ቢያየኝስ? ነገ ፒያሳ ሙሉ ይሰማል።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው የኤ ኤ ስም ራሱ፣ «አኖኒመስ» የሚለው፣ ስም አለመግለጥን የያዘው። የሚነገረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስም፣ የሥራ ቦታ፣ ቀበሌ የሚጠይቅ የለም። የተገኘ ሰው ስም አይመዘገብም። እዚያ የሚያይዎት ሰውም እርስዎ በመጡበት ምክንያት የመጣ ነው።

ሰፈርዎ ከከበደዎ ሰፈር ይቀይሩ። አዘዞ የሚኖር ሰው ከተማ ቢሄድ ለታክሲ ያወጣል፣ ልቡ ግን ያርፋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ደግነት ይጎድለዋል ተብሎ አይወሰድብኝ። ሲጠጡ ሰው አይቶዎታል። ሰፈሩ ስለ መጠጡ ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው ለማቆም መነሣትዎን ነው።

የመጀመሪያ ቀን መናገር ግዴታ ነው? ክፍያስ?

ግዴታ አይደለም። «ዛሬ መስማት ነው የምፈልገው» ብለው ይቀመጡ። አብዛኛው ስብሰባ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ክፍት የሚባለው ላይ ቤተሰብም መግባት ይችላል፤ ዝግ የሚባለው ለጠጪዎች ብቻ ነው። የአባልነት ክፍያ የለም። አንዳንድ ቦታ ለቡናና ለክፍል ኪራይ ሣንቲም የሚሰበሰብበት ነገር ይዞራል፤ አዲስ ሰው ባይሰጥ ቅር የሚለው የለም።

ስፖንሰር የሚል ቃል ይሰማሉ። ገንዘብ የሚከፍል ሰው አይደለም። ቀድሞ ያቆመና ልብዎ ሲሸፍት የሚደውሉለት ሰው ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። አንድ ላይ መግባት እንችላለን?

ትችላላችሁ። አባላቱ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው የኤ ኤ 12 እርምጃዎች ስለ እግዚአብሔር ያነሣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ግን በራሱ እምነት ይረዳዋል። ሃይማኖት የሚያስቀይር ስብሰባ ካጋጠመዎ ያ ኤ ኤ አይደለም። ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኩ ጋር የጀመሩት ካለም ይቀጥሉበት። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪም መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ድግስ ላይ «በሞቴ» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ። ጎንደር ላይ ከሰው ርቆ መኖር አይቻልም፤ መራቅም አልመክርም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ግን ይምረጡ። ለቀብር ይሂዱ፣ ለሰርጉ ምሳ በልተው ይውጡ፣ የማታውን ጭፈራ ይለፉት።

ሲጋበዙ ረጅም ማስረዳት አያስፈልግም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበቃል። «የንስሐ አባቴ ገዝተውኛል» ካሉ ደግሞ ማንም አይደፍርዎትም። እውነት ካልሆነ ግን አይበሉት፤ ከልብዎ ከፈለጉ ሄደው አባን ያነጋግሩና እውነት ያድርጉት። ብርጭቆዎ ባዶ አይሁን። ለስላሳ፣ አምቦ ውሃ፣ የተልባ ወይም የሱፍ ውሃ ይያዙ። ብርዝ ትኩስ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የቆየ ብርዝ ግን ወደ ጠጅ እየሄደ ነውና ይተውት።

ደጋሾችን አንድ ነገር እለምናለሁ። አንዴ «አልጠጣም» ያለን ሰው ሁለተኛ አትለምኑት። ወጡን ጨምሩለት።

አረቄ አውጥቼ ነው ልጆቼን የማሳድገው። መቅመሱ ነው የጣለኝ። እኔስ?

እርስዎን የሚረሱ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ የምታድር ሴት ሥራዋ ራሱ መጠጡ ነው። ደንበኛ «አብረሽኝ ጠጪ» ይላል። ሲመሽ ያልተቆጠረ መለኪያ ይሆናል። የሴት መጠጣት ደግሞ ከወንድ ይልቅ ያስነውራልና ትደብቀዋለች።

ሥራውን ነገ ይተዉ ማለት ቀላል ነው፤ የልጆቹን እንጀራ የሚሰጥ ግን ከኋላው የለም። ስለዚህ በሚቻለው እንጀምር። የሚቀምስልዎት ሌላ ሰው ይኑር። ከደንበኛ ጋር አይቀመጡ። የመዝጊያ ሰዓት ይወስኑና ይዝጉ። ቀስ በቀስ ገቢውን ወደ ሌላ ነገር ማዞር ይቻል እንደሆነ ያስቡበት፤ ቡና ማፍላት፣ እንጀራ መሸጥ፣ ዳቦ። ለመነጋገሩ ደግሞ ሌላ አንዲት ሴት ይፈልጉ። ለሴቶች ብቻ የሆኑ የኢንተርኔት ስብሰባዎችም አሉ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሴት ባለሙያ እንድታነጋግርዎት መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጫትም እቅማለሁ።

ብዙ ወጣት ምርቃናውን ለማብረድ ነው የሚጠጣው፤ ጨብሲ የሚሉት። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው በጣም ይከብዳል። ስብሰባ ላይ ሁለቱንም ይናገሩ። ለሐኪሙም እንዲሁ።

ባለቤቴ እምቢ አለ። በሽማግሌ ላስገድደው?

ሽማግሌ አንድ ቀን በር ሊያስከፍት ይችላል። በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ግን ከሽማግሌው እንደተነሣ የሚሄደው ወደ መጠጡ ነው። ሽማግሌ ካስፈለገ አንድ፣ እሱ የሚያከብረው፣ ራሱ የማይጠጣ ወይም የተወ ሰው ይሁን። ንግግሩ ጠዋት፣ ሳይጠጣ ይሁን። «ሰካራም» ሳይባል፣ የሆነው ነገር ይነገረው፦ «ቅዳሜ ልጅህ በር ላይ ሲጠብቅህ አድሯል።»

እርስዎም የራስዎ ስብሰባ አለዎት። አል አኖን የሚባለው የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር በ1951 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው፤ በኢንተርኔትም ይሰበሰባል። እሱ ባያቆምም እርስዎ መሄድ ይችላሉ። ቤት ውስጥ የሚመታ ከሆነ ግን መጀመሪያ እርስዎና ልጆቹ ደኅና ቦታ ይሁኑ። ይህን ማንም ሽማግሌ «ቻይው» ብሎ አያስቀርብዎ።

በርግጥ ይሠራል?

ለሁሉም ሰው አይሠራም። ግን ወሬ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት 27 ጥናቶችን አገናዝቦ ነበር። ኤ ኤንና ሰውን ወደ ኤ ኤ የሚያስገቡ የምክር ሕክምናዎችን ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች ጋር አወዳደረ። ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቆ በመቆየት በኩል፣ በተጻፈ መመሪያ የሚካሄዱት ወደ ኤ ኤ የሚያስገቡ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ከመድኃኒት ጋር አብሮ ማስኬድም ይቻላል፤ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ አምሮቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉና ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ስመላለስ ቆይቼ እንደገና ጠጣሁ። በየት ፊቴ ልመለስ?

በዚያው ፊትዎ ይመለሱ። እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ጠጥተው ተመልሰዋል። የሚጠይቅዎት «ለምን?» ብሎ አይደለም፤ «ቡና ልቅዳልህ?» ነው። ሰክረው ከሆነ ያን ቀን ይተኙና በማግሥቱ ይሂዱ፤ ወይም ሄደው ዝም ብለው ይቀመጡ። ለዚያ ለሚደውሉለት ሰው ግን ዛሬውኑ ይደውሉ፤ ብዙ ቀን ሲቆይ ስልኩ ይከብዳል።

አንድ ቀን ሳይሆን ለብዙ ቀናት ጠጥተው ከሆነ ሰውነትዎ መልሶ ለምዷል። ስለዚህ እንደ መጀመሪያው ጊዜ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩ፣ በማግሥቱ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስብሰባው ይሂዱ። የቡድኑ ሰው ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮዎት እንዲሄድ ይጠይቁት።